«እቺው ናት» ያልኩበት ተራራ

ጡረታ የወጣሁት በሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ይህን ስል የዶርም ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ «ጡረተኛዋ» የሚል ስምም አውጥተውልኛል። እኔ ግን ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ከመርሳ በስተምዕራብ ወዳለው ሳር አምባ ተራራ ሰባት ዓመት እንግዳ ሳወጣና ሳወርድ ኖሬ፣ ባለፈው መስከረም ዱላዬንና ቢጫ ሰደርያዬን ለመንገድ መሪዎች ማኅበራችን አስረክቤ ወልድያ ላይ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆንኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና መጀመሪያ ስወስድ ነጥቡ አልመጣልኝም ነበር። እንደገና በግል ተፈትኜ፣ ሬሜዲያሉንም አልፌ ነው እዚህ የደረስኩት።

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ሽበት ያበቀሉ ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ። ቢሆንም ሥራው ካለቀ ትዝታው ሽበት አይጠብቅም። የማላስታውሰውን አልጻፍኩም፤ የተጠራጠርኩትን ደግሞ ሥራውን ላስተማሩኝ ለጋሽ ይመር ስልክ ደውዬ አረጋግጫለሁ።

ሳር አምባ ለማያውቀው ሰው ከመንገድ ሲታይ አስቸጋሪ አይመስልም። ከመርሳ በባጃጅ እስከ ግርጌው ይኬዳል፤ ከዚያ በኋላ በእግር ነው። አናቱ ላይ ሰፊ የሳር ሜዳና እንግዳ የሚያርፍበት የቆርቆሮ መጠለያ አለ። ከዚያ ሆነው ወደ ምሥራቅ ሲያዩ አውራ ጎዳናው እንደ ክር ተስቦ ይታያል፤ የሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሙከራ ማሳዎች እንደተጣፈ ጨርቅ በየቀለማቸው ተደርድረዋል፤ አየሩ በጠራ ቀን ደግሞ የቆላው ሜዳ እስከ ሰማዩ ጫፍ ተዘርግቷል። ለዚህ ሲሉ ብዙ ሰዎች ይመጣሉ። ሙሽሮች ለፎቶ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ቅዳሜን ለማሳለፍ፣ የአዲስ አበባና የደሴ የሀይኪንግ ቡድኖች አዲስ ጫማቸውን ለመሞከር። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ግን ማንም አይመጣም ነበር፤ ያን ጊዜ ዱካውን እየጠረግን እንቀመጥ ነበር።

የእኛ ሥራ ሦስት ደረጃ ነበረው። ጀማሪ ዕቃ ይሸከማል። ቀጥሎ «ጅራት» ይሆናል፤ ከሁሉ ኋላ እየሄደ የሚዘገየውን ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ «ፊት» ይሆናል፤ እሱ ነው የሚመራው። ዕቃ ስሸከም አንድ ዓመት፣ ጅራት ሆኜ ሦስት ዓመት ቆየሁ። ክፍያው በእንግዳው ብዛት ነበር፤ እናቴን ለማገዝ ይበቃ ነበር። መዝገብ የሚባል ደብተርም ነበረን፤ ዝናብ ስለሚያገኘው ግን ግማሹ አይነበብም።

ጋሽ ይመር የመጀመሪያው ፊት ነበሩ። ማኅበሩ ሲቋቋም እሳቸው አስቀድሞም ተራራውን ያውቁት ነበር፤ ከግርጌው ካለው መንደር ናቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሽርጣቸውን ከጉልበታቸው በላይ ሸብ አድርገው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ሰብሳቢያችን የከተማ ልጅ ስለነበር ሰደርያ እንዲለብሱ ሲለምናቸው ኖረ። አንድ ቀን ለበሱትና አንገቱ ድረስ ያለውን ዚፕ ከፍተው ተውት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ማጅራቴ ካልታየ በምን አያለሁ?» አሉኝ።

ይህን ነገር ለመረዳት ወራት ፈጀብኝ። ወደ ላይ ስንወጣ ፊታችን ወደ ምዕራብ ስለሆነ፣ ከቆላው የሚመጣው እርጥብ ነፋስ የሚያገኘን ከኋላ ነው። ጋሽ ይመር ማጅራታቸውን ሁልጊዜ ባዶ ያደርጉታል። ድንገት ሲቀዘቅዝ ይቆማሉ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ እንግዶቹ ፎቶ እየተነሱ፣ እሳቸው «ውሃችሁን ጠጡ፣ ካፖርታችሁን አውጡ» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጉም ይደርስብናል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይመጣ ይቀራል። ያኔ እንግዶቹ ሲያሾፉ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

እኔ የመጠየቅ አመል አለብኝ። ነፋሱ ለምን ጠዋት ወደ ላይ፣ ማታ ወደ ታች ይነፍሳል? ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ዝናብ ሳይመጣ ወደ ገደላቸው የሚወርዱት ምን ሰምተው ነው? ወንጭፊት የሚባሉት ወፎችስ ዝቅ ብለው የሚበሩት ለምንድነው? ጋሽ ይመር የማያውቁትን «እሱን አላህ ያውቃል፣ አንቺ ግን ጻፊው» ይሉኝ ነበር። እኔም ጻፍኩት። በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ጠዋት ያየሁትን ምልክት በግራ፣ ከሰዓት የሆነውን በቀኝ እየጻፍኩ ሦስት ደብተር ጨረስኩ። አንድ ጊዜ ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ላይ የሚሠራ እንግዳ ደብተሬን አገላብጦ አየና እርጥብ አየር ተራራ ሲገፋው ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ሲወጣም እንደሚቀዘቅዝ፣ ሲቀዘቅዝ ውሃውን መያዝ እንደሚያቅተው አስረዳኝ። በዚያ ቀን የተራራው ዱካ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ተመልሼ ለመፈተን የወሰንኩትም ያን ሳምንት ይመስለኛል።

ጋሽ ይመር ግን ከሰማዩ ይልቅ ሰውን ነበር አብዝተው የሚያዩት። ጠዋት መጀመሪያ የሚያዩት ጫማ ነው። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ቦርሳ በእጃቸው ከፍ አድርገው ይመዝናሉ። ከዚያ «ማን ነው በጣም የሚያወራው?» ብለው ያጣራሉ። የሚያወራው ሰው ዝም ሲል ደክሟል ማለት ነው። «ወሬ ላቆመ ሰው ውሃ ስጭው» ይሉኝ ነበር። ሲያርፉ ፊታቸውን ሁልጊዜ ወደ መውረጃው አዙረው ነው የሚቀመጡት። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ የደረሰበት ቦታ ላይ ደግሞ ይሰግዳሉ፤ ከሰገዱበት ወደ ላይ አንድ እርምጃ አይሄዱም። ጫፉ ላይ ተደርሶ ከሆነ እሰየው፤ ካልተደረሰም መመለሻው እዚያ ነው። የከተማ ሰዎች ሲከራከሯቸው «ተራራው ነገም እዚሁ ነው፤ ዝናቡ ግን ከሰዓት ቀጠሮ አለው» ብለው ምንጣፋቸውን ያጥፋሉ።

ጉም ሲወርድ የሚያደርጉት ነገር ደግሞ ነበር። ጉሙ ወፍሮ ፊት ያለው ሰው ጅራቱን ማየት ሲያቅተው፣ ጋሽ ይመር «እንቆቅልሽ!» ብለው ይጮኻሉ። በተራ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ እያንዳንዱ ሰው «ምን አውቅልሽ» ማለት አለበት። እንግዶች ጨዋታ ይመስላቸዋል፤ ይስቃሉ። እሳቸው የሚቆጥሩት ግን ድምፅ ነው። ጅራት በነበርኩበት ዘመን አንድ ቀን ከአምስተኛው ድምፅ በኋላ ሰባተኛው መጣ። ስድስተኛው ሰው የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ስልኩ ኔትወርክ አገኘልኝ ብሎ ከዱካው ወጥቶ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ያወራል። ጋሽ ይመር ሄደው በቀበቶው ያዙትና ስልኩን እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ «ደንበኛህ ምን አለህ?» አሉት። እሱ ወደ ታች ሲያይ ስልኩን ኪሱ ከቶ የጋሽ ይመርን ክንድ ያዘ።

ርቀትን የሚለኩት በሰዓትም በኪሎ ሜትርም አልነበረም፤ በዕረፍት ነው። አንድ ዕረፍት ማለት ያ ሰው ከተነሳ በኋላ እንደገና መቀመጥ እስኪያምረው የሚሄደው መንገድ ነው። ለወጣት ሃያ ደቂቃ ይሆናል፣ ለሽማግሌ አርባ። ሳር አምባ ግን ለሁሉም ስምንት ዕረፍት ነው። ለምን ይህ እንደሚሠራ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ የመቀመጫ ቦታዎቹ ራሳቸው ሰውን ይጠሩታል መሰለኝ። ሁለተኛው ላይ ደረቅ ፈፋ አለ። አራተኛው ላይ አንዲት ትልቅ ወይራ አለች፤ እዚያ ግማሽ ነው። ስድስተኛው ላይ «አታላይ» የምንለው ሸንተረር አለ። ከታች ሲያዩት ጫፍ ይመስላል፤ ሲደርሱበት ግን ከኋላው ሌላ ተራራ ተቀምጦ ይጠብቃል። እውነተኛው ጫፍ ከእሱ ሁለት ዕረፍት ይርቃል።

አሁን ስለ አንዲት ቃል መናገር አለብኝ። እኛ አገር መንገደኛ «ስንት ይቀራል?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «እቺው ናት።» ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ወደ ግራና ከተማ ገበያ በእግር ስንሄድ፣ ያገኘነው ሰው ሁሉ «እቺው ናት፣ አይዟችሁ» ይለን ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት እንሄዳለን። ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም። ለደከመ ሰው «ገና ነው» ማለት ከጀርባው ላይ ሸክም እንደመጨመር ነው፤ ሥርዓት ያልተማረ ሰው ነው እንዲያ የሚለው። እኔም በዚህ ነው ያደግሁት።

ፊት በሆንኩ በሁለተኛው ወር፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ጋሽ ሐጎስ መጡ። ወልድያ ከመናኸሪያው አጠገብ የመኪናና የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። አባታቸው ከትግራይ መጥተው ወልድያ የቀሩ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው እዚያው ተወልደው እዚያው አረጁ። ዕቃ ለማምጣት ወደ ደሴ ሲመላለሱ ሠላሳ ዓመት ሳር አምባን ከአውቶቡስ መስኮት አይተውታል። አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃቸው ሰላም ለበዓል ስትመጣ «ዘንድሮ አወጣሃለሁ» ብላ ይዛቸው መጣች። ጋሽ ይመር ለቅሶ ሄደው ስለነበር እኔ ብቻዬን ወሰድኳቸው።

ስሜ ዘነበች ነው። ጋሽ ሐጎስ ስሜን ሲሰሙ ቆም አሉ። «ዘነበች? በበልግ ተራራ የምታወጣን ልጅ ዘነበች?» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለዛሬ ፀሐይ እንበላት። ስትመልሰን ስሟን እንመልስላታለን።»

ደስ የሚሉ ሰው ነበሩ። እስከ ፈፋው ድረስ ስለ ሱቃቸው፣ ስለ ድሮ ሾፌሮች ሲያወሩ መጡ። ከፈፋው በኋላ ወሬያቸው ቀነሰ። ውሃ ሰጠኋቸው። ወይራዋ ጋ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ተቀምጠው ቀኝ ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር። ማጅራቴ ቀዝቀዝ አለኝ። ማዶ ገደሉ ላይ ጭላዳዎቹ ያለ ሰዓታቸው ወደ ታች ሲወርዱ አየሁ። ሁለቱንም ምልክት በደብተሬ ስንት ጊዜ እንደጻፍኳቸው አውቃለሁ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ ጋሽ ሐጎስ። «ይሄ ጉልበት ማጉረምረም ጀምሯል። ሩቅ ከሆነ ከዚሁ እንመለስ፤ እኔ ቅር አይለኝም።»

ሰላም አየችኝ። ፊቷ ላይ ያለውን አነበብኩት። ይህን ቀን ለአባቷ ልትሰጥ ነው የመጣችው። ደስ እንዲላቸው ፈለግሁ። ሁለቱም ደስ እንዲላቸው።

«እቺው ናት ጋሼ» አልኩ።

«እቺው ናት ካልሽማ» ብለው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

አንድ ዕረፍት ተኩል ሄድን። አታላይ ከፊታችን ገጭ አለ፤ ከላዩ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው። ጋሽ ሐጎስ በዱላቸው እየጠቆሙ ጫፉ ያ እንደሆነ ጠየቁኝ። ወደዚያው ነው አልኳቸው። ሰላም በደስታ ስለ ቆርቆሮው መጠለያ ጠየቀችኝ፤ እላይ ጫፉ ላይ ነው አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ እሷ ያየችው ጫፍ ግን ሌላ ነበር። ያኔ ጋሽ ሐጎስ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ እዚህ ደርሰህ?» አለች ሰላም። «አሥር እርምጃ እኮ ነው የቀረችህ።»

«ለአሥሯ እርምጃም ጉልበት ያስፈልጋል» አሉ። «ትንሽ ልረፍ።»

አረፉ። ከዚያ ነፋሱ መጣ፤ ቀጥሎ ጉሙ፤ ቀጥሎ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ። መጠጊያ የሚሆን ነገር አልነበረም። እዚያው ጥቂት ቆየንና ብርዱ ሲከፋ እንድንወርድ ነገርኳቸው። መሬቱ ሳሙና ሆኖ ነበር። እኔ ፊት ሆኜ ጋሽ ሐጎስ ትከሻዬን ይዘው፣ ሰላም ከኋላ ቀበቷቸውን ይዛ፣ ቀስ በቀስ ወይራዋን አለፍን። ከፈፋው አፋፍ ስንደርስ ጠዋት በደረቅ ጫማ የተሻገርነው ቦታ ደራሽ ውሃ ሞልቶት ድንጋይ እያንከባለለ ይሄዳል። ያን እያየሁ ሳለ ትከሻዬ ላይ የነበረው እጅ ለቀቀኝ። ጋሽ ሐጎስ ተንሸራተው ከሁለት ድንጋይ መሀል ወደቁ። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰብሮ ነበር።

ፈፋው እስኪጎድል ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ማዶ ወዳለው መንደር ተጣራሁ፤ ሰው ከሰው እየተቀባበለ ጥሪው ደረሰ። ውሃው እንደጎደለ የመንደሩ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ጀምበር ሳትጠልቅ መኪና ጋ አደረስናቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን ቃሬዛው ላይ ሆነው ያሉትን ነው። የሚሸከሟቸው ሰዎች ምን እንደሆኑ ሲጠይቋቸው ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ ይነግሯቸው ነበር። ጫፉ ላይ ደርሰው፣ አሥር እርምጃ ሲቀራቸው ሰንፈው እንደተቀመጡ። ሰላም እያለቀሰች «ባታርፍ ኖሮ እኮ ከቆርቆሮው ስር ነበርን» አለቻቸው። እሳቸውም «እውነትሽን ነው» አሏት። እኔ የቃሬዛውን አንድ እጀታ ይዤ ከአጠገባቸው እሄድ ነበር። ምንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም አመሰገነኝ። ሰዎች ጠርቼ ስላዳንኳቸው ቤተሰቡ መልእክት ላከ። ሰብሳቢያችን መዝገቡ ላይ «በድንገተኛ ዝናብ ምክንያት» ብሎ ጻፈና ፈረመ። የጋሽ ሐጎስ እግር ውስጥ ብረት ገባ፤ ከዱላ ግን አልተላቀቁም።

ጋሽ ይመር ከለቅሶው ሲመለሱ የሆነውን ሰምተው ይዘውኝ ወጡ። ወይራዋ ስር ተቀመጥን።

«እዚህ ላይ ምን አልሻቸው?» አሉኝ።

«እቺው ናት አልኳቸው።»

«ደጉን ብለሻል» አሉ። «እናቴም ለገበያተኛ እንዲያው ነበር የምትል። ገበያተኛ ግን ገና ነው ብትይውም አይመለስም፤ መሄዱ ግዴታው ነው። እሱን እቺው ናት ስትይው ሸክሙን ታቀልይለታለሽ። እንግዳ ግን መመለስ ይችላል። እሱን እቺው ናት ያልሽው እንደሆነ መመለሻውን ነው የምትቀሚው።»

ታዲያ ለደከመ ሰው ምን ይባላል ብዬ ጠየቅኋቸው። ስንት እንደቀረ እውነቱን መናገር ጨካኝነት ይመስለኝ ነበር።

«ቁጥሩን ንገሪውና አብሽር በይው» አሉኝ። አብሽር የሙስሊሞቹ «አይዞህ» ነው፤ ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ይለዋል። «አብሽር ርቀት አይናገርም። የሚወጣም አብሽር ይባላል፣ የሚመለስም አብሽር ይባላል።»

ከዚያ ለጋሽ ሐጎስ ነግሬያቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። አልነገርኩም አልኩ። «እንግዲያው ንገሪያቸው» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር አንስተውብኝ አያውቁም። ባነሱብኝ ብዬ የምመኝበት ጊዜ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሠራሁበት ጊዜ ቁጥሩን ያልነገርኩት እንግዳ የለም። አንዳንዱ ያኮርፋል። አንዳንዱ ወይራዋ ስር ቆሎውን ቆርጥሞ ይመለሳል። ሰብሳቢያችን እንግዳ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚነሳውን ፎቶ ስለሚወድ፣ «አንቺ ሰው ታባርሪያለሽ» እያለ ይወቅሰኝ ነበር። ጋሽ ይመር ደግሞ ሰብሳቢውን «አብሽር» ይሉታል። እሳቸው አሁን ከወይራዋ በላይ አይወጡም፤ እዚያ ድረስ ግን አሁንም ፊት ናቸው።

ወልድያ ከመጣሁ በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ከተማ ስወጣ ባጃጁ በጋሽ ሐጎስ ሱቅ በር ያልፋል። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ሳልፍ ወደ ሌላኛው በኩል ዞሬ እቀመጥ ነበር። ኅዳር ላይ በአንድ ቅዳሜ «ወራጅ አለ» አልኩና ወረድኩ።

ወዲያው አወቁኝ። ከባንኮኒው ጀርባ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ፤ ወንበር አመጡልኝ። የጎማ ኩሽኔታ ሊገዛ የመጣ አንድ የባጃጅ ሾፌር ቆሞ ነበር፤ ለእሱ ታሪኩን ይነግሩት ጀመር። ይቺ ልጅ ናት ያዳነችኝ አሉት። ጫፉ ላይ አድርሳኝ፣ አሥር እርምጃ ብቻ ሲቀረኝ፣ እኔ ሰነፉ ተቀምጬ እግሬን አሰበርኩ አሉት። ብዙ ጊዜ የተናገሩት ታሪክ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር፤ የት ላይ እንደሚሳቅ ያውቃሉ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «አሥር እርምጃ አልነበረም።»

«እሺ፣ ሃያ ይሁን።»

«እርስዎ ያዩት ጫፉ አይደለም። ከኋላው ሌላ አለ። የተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ሆነን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስኬድ መንገድ ይቀረን ነበር። ባያርፉም ዝናቡ ያገኘን ነበር። መጠለያው ጋ በምንም መንገድ አንደርስም ነበር።»

ፈገግታቸው እዚያው ፊታቸው ላይ ቆሞ ቀረ። «ወይራዋ ጋ ስጠይቅሽስ?»

«ግማሽ መንገድ ላይ ነበርን።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሾፌሩ ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ። ጋሽ ሐጎስ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እጃቸው ባንኮኒው ላይ ያለችውን ኩሽኔታ ያሽከረክራል።

«ሁለት ዓመት ተኩል» አሉ። «ልጄ በመጣች ቁጥር ያቺን ዕረፍቴን ታነሳብኛለች። ስቃ ነው የምታነሳው። እኔም ልክ ነሽ እላታለሁ። ማታ ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ ራሴን እረግማለሁ፤ አንተ ሰነፍ፣ አሥር እርምጃ አቅቶህ እላለሁ።» ቀና ብለው አዩኝ። «መመለስ እኮ ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀውኛል።»

ስልካቸውን አንስተው ደወሉ። «ሰላም፣ ስሚ» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። «ለእኔ እንደነገርሽኝ ንገሪያት።»

ነገርኳት። ስጨርስ ከኋላዋ የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል። «ለምን?» አለችኝ። ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። በአፌ የመጣው ግን «ደስ እንዲላችሁ ብዬ» የሚል ብቻ ነው። «አባባን ስጭኝ» አለች።

ጋሽ ሐጎስ ስልኩን ይዘው ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። የምትላቸውን አልሰማሁም። እሳቸው «እሺ፣ እሺ ልጄ፣ አታልቅሺ» ይሏታል። አንድ ጊዜ ደግሞ «እኔም አላወቅኩም፣ አንቺም አላወቅሽም» አሏት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ልሄድ ስነሳ ጠሩኝ።

«ከኋላው ያለው እውነተኛው ጫፍ» አሉ። «በበቅሎስ ይወጣል?»

ዓይናቸውን አየሁት። ወይራዋ ስር ሰላም ፊት ላይ እንዳየሁት ያለ ነበር፤ የሚያስደስታቸውን መልስ አውቀዋለሁ።

«በቅሎ እስከ ወይራዋ ድረስ ታደርስዎታለች» አልኳቸው። «ከዚያ በላይ ድንጋይ ነው፤ በእግር ብቻ ነው። በዚህ እግር አይወጡትም ጋሼ።»

«አይወጡትም?»

«አይወጡትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ኩሽኔታውን በጋዜጣ ጠቅልለው ለሾፌሩ እያቀበሉት፣ «አየህ» አሉት፣ «ግማሽ መንገድ ላይ ነበር የተመለስኩት።»